ጾመኛው መጋዝ

ሳቁ፣ አልከለክላችሁም። ግን ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ ቤታችን ገና ሐዘን ላይ ነው።

የምነግራችሁ ስለ አንድ ሞተር መጋዝ ነው። ይህ መጋዝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጾሟል። መጋዝ እንዴት ይጾማል ትሉኝ ይሆናል። ያስጾምኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንዳስጾምኩት ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። ቀስ ብዬ የምለው ለማሳመር አይደለም። ፈጥኜ መናገር አልችልም፤ በተለይ ከጥቅምት ወዲህ ዐረፍተ ነገር እጀምርና መሃል ላይ የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወንድሜ ደሳለ አረፈ። ዐሥራ አንድ ቀን ታመመ፣ በዐሥራ ሁለተኛው አረፈ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሞክሬ ነበር፤ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ደሳለ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለችው መንደራችን ሞተር መጋዝ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ሠርግ ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን እንጨቱን የሚቆርጠው እሱ ነው። የመጋዙ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሰው «ዛሬ የማን ድግስ ነው?» ይላል እንጂ «ማን ነው የሚቆርጠው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በሰልስቱ ዕለት ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎች ስለ አርባው ይነጋገራሉ። አርባው የሚውለው በገና ጾም ነው፤ ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጠላ። ይህ ሁሉ እንጨት ይበላል። አንዱ እኔ ፈልጬ አመጣለሁ አለ፤ ሌላውም እኔም አለ። እኔ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈስኩት ሰው፣ ከጥግ ተነሣሁና የአርባውን እንጨት የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ የምቆርጠውም በራሱ መጋዝ ነው፣ ማንም መጥረቢያ እንዳያነሣ አልኩ።

አጎቴ መጋዙን ነክቼው አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነክቼው አላውቅም። ደሳለ አያስነካኝም ነበር፤ አንተ ደብተርህን ያዝ ነበር የሚለኝ። ለአጎቴ ግን በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ነበረኝ ብዬ መለስኩለት። ሌላ ቦታ ቢሆን ዳሱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። በሐዘንተኛ አይሳቅምና ሁሉም አንገቱን ደፋ። ቃሌ እንዲህ ሆኖ ጸደቀ።

አሁን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ሞተር መጋዝ ሁለት አፍ አለው። በአንዱ ቤንዚን ይጠጣል። በሌላው የሚጠጣው ዘይት ለሞተሩ ሳይሆን ለሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱ ምላስ በሚመስል ረጅም ብረት ዙሪያ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ዘይቱ በቀጭን ቀዳዳ እየወጣ ያለሰልሰዋል። ይህን የተማርኩት ከክዳኖቹ ላይ ካለው ሥዕል ነው። ደሳለ ለሰንሰለቱ የሚጠቀመው የተቃጠለ የመኪና ዘይት በትንሽ ጄሪካን ተቀምጦ አገኘሁ፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነው። ለአርባው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያንን ዘይት በጥንቃቄ እየጨመርኩ ሳለ እማሆይ ስንዱ መጡ።

እማሆይ ስንዱ ጎረቤታችን ናቸው፤ መነኩሲት ናቸው። በመንደራችን የጾም ነገር የሚዳኘው በእሳቸው ነው፤ ቄሶቹ እንኳ ሲጠራጠሩ ዓይናቸውን ወደ እሳቸው ይመልሳሉ። ከጀርባዬ ቆሙ።

«ምንድን ነው የምታጠጣው?»

«ዘይት ነው፣ እማሆይ። የመኪና ዘይት።»

«መኪናውስ ከምን ያመጣዋል?»

«ከመሬት የሚወጣ ነው።»

«አንተ ሲወጣ አይተሃል?»

አላየሁም። በፊዚክስም አልተማርነውም። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ነገሩን አስረዱኝ። ዘይቱ እንጨቱን ይነካል። እንጨቱ እሳት ይሆናል። ጭሱ ድስቱ ውስጥ ይገባል፤ ድስቱ ወደ ካህናቱ አፍ ይሄዳል። የምን እንስሳ ስብ እንዳለበት የማይታወቅ ዘይት ነው። በደሳለ አርባ፣ በነቢያት ጾም፣ ካህናቱ ሳያውቁ ቢገድፉ ዕዳው በማን ነፍስ ላይ ነው?

እማዬ ከበራፉ ሆና ይህን ሰማች።  ዝም ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት ያየ ሰው መጋዝ ቀርቶ መኪናም ያስጾማል።

ዘይቱን ደፋሁት። ሰልባትዮውን፣ የዘይቱን ማጠራቀሚያ፣ በሳሙና አጠብኩት። እማሆይ ከቤታቸው አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት አመጡልኝ፤ ራሳቸው ያስጨመቁት ነው። እያማተቡ አስቀዱኝ። መጋዙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጾመኛ ሆነ።

የሚገርመው ደግሞ ሠራ። በዚያ ዕለት አምስት ስድስት ቅርንጫፍ ቆረጥኩበት፤ እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው፤ ይቅርታ፣ በጾም ቅቤ አልኩ። ሽታው ብቻ ልዩ ነው። የጎረቤት ሰዎች ሽሮ የት ነው የሚሠራው እያሉ አጥር ላይ ብቅ አሉ። ኩራት ተሰማኝ። ኩራት ሲሰማኝ ደግሞ ሥራ አቆማለሁ፤ የቆየ አመሌ ነው። መጋዙን በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ቀን ፀሐይ አገኘው፣ ማታ የኅዳር ውርጭ። ለቅሶ የሚደርስ እንግዳ አላስነሣኝ ብሎ ነው እያልኩ ብዙ ቀን አሳለፍኩ። እውነቱን ልናገር፤ እንግዳ ባይኖርም አላነሣውም ነበር። ሲነሣ የደሳለን ድምፅ ያሰማል።

አርባው እሑድ ሊውል ረቡዕ ደረሰ። በጓሮ ዐሥራ ሁለት ግንድ ተጋድሟል፤ ዐሥሩ ዲከረንስ ነው፣ ለከሰል የምንተክለው፤ ሁለቱ ግን ወፋፍራም ባሕር ዛፍ ናቸው። መጋዙን በዐሥራ አንደኛው ጉተታ አስነሣሁት። አንዱን ግንድ ቆረጥኩ። ሁለተኛው ላይ መጨስ ጀመረ። ከሞተሩ አይደለም የሚጨሰው፣ ከሰንሰለቱ ነው። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሦስተኛው ላይ ሰንሰለቱ ያለቅስ ጀመር።

አጠፋሁትና የዘይቱን ክዳን ከፈትኩ። ሙሉ ነው። ጠዋት እንደነበረው እስከ አፉ ሙሉ ነው። እዚህ ላይ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ የሠራሁትን ስሙ። ዘይቱ ካልጎደለ እየወጣ አይደለም ማለት ነው ብሎ ማሰብ ለማንም ሰው ይቻላል። እኔ ግን ወደ እማዬ ሄጄ የኑግ ዘይት ከመኪና ዘይት ይልቅ ቆጣቢ መሆኑን አበሠርኳት። ይህን ሁሉ ቆርጬ ጠብታ አልጎደለም አልኳት። እማዬ ለእማሆይ ነገረች። እማሆይ መጡ፣ ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው ሰልባትዮው ውስጥ አዩ፣ ጣታቸውን ነከሩ፣ ቀና ብለው አማተቡ።

«በረከት ገብቶበታል፤» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሰው ይመጣ ጀመር። ዘይቱ አይጎድልም የተባለውን መጋዝ ለማየት ነው። አንዷ ጎረቤታችን ጉልበቷን የምትቀባው ጠብታ ለመነችኝ። እኔ ክዳኑን በእጄ ይዤ እንደ ቤተ መዘክር ጠባቂ ቆሜያለሁ። ሰው በሄደ ቁጥር አስነሣለሁ፤ ይጨሳል፤ አጠፋለሁ። ውሃ አፈሰስኩበት፤ ጽሽሽ ብሎ እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነው። የምላሱ ዳር ሰማያዊ መሆን ጀመረ። በረከት ከሆነ ለምን ይቃጠላል? ይህን ጥያቄ ጮክ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ሆዴ ግን ያውቅ ነበር። የወንድሜን መጋዝ በገዛ እጄ እየገደልኩት ነው፤ ዐሥር ግንድ ቀርቷል፤ ቀኑ ሐሙስ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰንሰለቱ ክርር ብሎ ቆመ። በእጄ ብስበው አይንቀሳቀስም፤ ጣቴን አቃጠለኝ። ልፈታው ቁጭ አልኩ። የጎኑን መከለያ አወጣሁ። መሃል ላይ ያለው ክብ ብረት፣ ፍሪሲዮን የሚሉት፣ ከሱ ሥር ነው ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ያለው። ብሎን ሁሉ ወደ ግራ ነው የሚፈታው፤ ይህን የማያውቅ የለም። የብሎን ቁልፍ አስገብቼ ወደ ግራ አዞርኩ። እምቢ አለ። በመዶሻ አገዝኩት። እምቢ አለ። አጥብቄ መታሁት፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መሬት ላይ ተቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ዓይኔን አልገለጥኩም። ስገልጥ የተሰበረው ቁልፉ ነው። የተበደርኩት ቁልፍ ቢሆንም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በአጥሩ በኩል ያለው ጎረቤታችን መጥረቢያውን ይዞ መጣና አንድ ቃል ብትለኝ ከሰዎች ጋር ሆነን በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን አለኝ። ደግ ሰው ነው። አመሰግናለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ጠብቁኝ አልኩት። 

ዓርብ ማለዳ መጋዙን በደሳለ ጋቢ ጠቅልዬ ወደ ቆሰበር ከተማ ባጃጅ ያዝኩ። ቦታ ስላልነበረ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ጥቂት መንገድ ከሄድን በኋላ በሐዘኔታ ልጁ ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁኝ። ማስረዳት ከበደኝ። ዘይት አልወርድ ብሎት ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው እግዜር ይማረው አሉ። ቆሰበር እስክንደርስ ድረስ በረደው እያሉ የጋቢውን ጫፍ ያስተካክሉልኝ ነበር።

ሰዒድ ከመናኸሪያው ጀርባ መለዋወጫ ይሸጣል፣ መጋዝና የውሃ ሞተር ይጠግናል። ጋቢውን ስገልጥ መጋዙን ከኔ በፊት አወቀው። እጀታው ላይ ደሳለ በሽቦ የጠመጠመውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። የለበስኩትን ጥቁር ልብስ አየ። አላህ ያጽናችሁ አለና ወንበር ሰጠኝ።

ከዚያ ክዳኑን ከፈተ። አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

«ለዚህ ሽንኩርት ብቻ ነው የጎደለው፤» አለኝ።

ታሪኩን ነገርኩት። አልሳቀም፤ ጢሙን ግን ብዙ ጊዜ ዳሰሰ። የኑግ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል አለኝ፤ ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ ያለው የዘይት ጠርሙስ ከመደርደሪያው ጋር ሲጣበቅ አላየህም ወይ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ጠርሙስ ሳላቅቅ ነው ያደግሁት። አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ቀዳዳው ተደፍኗል። በሰልባትዮው ውስጥ ያለችው ትንሿ ማጥለያም ተደፍናለች። ይህ ቀላል ነው አለ። የሚፈራው ፓምፑን ነው። ፓምፑ ሙጫውን ሲታገል ጥርሱ ከተበላ፣ ሌላ የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ማክሰኞ ነው። አርባው እሑድ መሆኑን ነገርኩት። ወዲያው ፍሪሲዮኑ ላይ ቁልፍ አስገብቶ ወደ ቀኝ አዞረ። ተፈታ።

እኔ ሐሙስ ከሰዓት ሙሉ በመዶሻ ሳጠብቀው ነበር የዋልኩት።

ፓምፑ ሊወጣ ሲል የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። ሰዒድ ታጥቦ ወደ መስጊድ ሄደ፤ ሱቁን ለኔ ተወልኝ። ዕቃዎቹን ካርቶን ላይ ደርድሮ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጥባቸው፣ ይህችን ግን እንዳትነካ አለኝ። ይህችን ያላት ፓምፑ ያለባትን ነው። እኔም ተቀመጥኩ። ያንን ሰዓት እንዴት ልንገራችሁ። የማይነኩትን ነገር ማየት የሚያደክም መሆኑን አላውቅም ነበር። ነፋስ ካርቶኑን በነካው ቁጥር በሁለት እጄ እከበዋለሁ። ማጥለያዋን አጠብኩ፤ ድስት እንደሚታጠበው ሳይሆን ሐኪም ዓይን እንደሚያጥብ አድርጌ አጠብኩ። ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ከፈትኩ። ቡናማ ሙጫ እንደ ክር ሆኖ ወጣ። በረከቱ ይህ ነበር።

ሰዒድ ሲመለስ ኮምፕረሰሩን አነሣ። በመከለያው ሥር የእንጨት ዱቄት እንደ ኬክ ተጋግሯል፤ ቀይም ነጭም አለበት። የኔ አይደለም፤ እኔ ሁለት ግንድና ጥቂት ቅርንጫፍ ብቻ ነው የቆረጥኩት። የደሳለ ነው። ቆይ ልለው አፌን ከፈትኩ። ቆይ ብዬ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም፤ የእንጨት ዱቄት በምን ይቀመጣል? ከመናገሬ በፊት ነፋሱን ለቀቀው። ሁሉም ፊቴ ላይ መጣ። አፌ ክፍት ስለነበር አፌም ገባ። አነጠስኩ፣ ሳልኩ፣ ዓይኔ ፈሰሰ። ሰዒድ ይቅርታ እያለ ውሃ አመጣልኝ። ዓይኔ ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ዱቄቱ ነው አልኩት፤ እሱም አዎ፣ ዱቄቱ ነው አለኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ እየሠራ፣ እኔን ሳያይ፣ አንድ ነገር አወራኝ። ደሳለ መጋዙን በያዘ በሳምንቱ እዚሁ መጥቶ ነበር አለ። ሰንሰለቱን ገልብጦ አስሮ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ግንድ ሲፈትግ ከርሞ ነው የመጣው። ይህ መጋዝ አይበላም፣ ይልሳል ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ደሳለ ለእኔ ለወንድሙ ግን በመጀመሪያው ቀን ሃያ ግንድ ጣልኩ ብሎኝ ነበር። ሃያ ግንድ። ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ሳቄን ራሴ ሰማሁትና ደነገጥኩ።

የፓምፑ ጥርስ ደኅና ነበር፤ ትንሽ ተፍቋል እንጂ አልተበላም። ገጣጠምነው። ሰዒድ ንጹሕ የሞተር ዘይት ሊጨምር ጠርሙሱን አነሣ፤ እጁን ያዝኩት። ጾሙን አስታወስኩት።

«በናንተ ጾም እኔ አልፈርድም፤» አለኝ። «ይሄ ግን ታሟል። በናንተም በኛም የታመመ አይጾምም።»

ጨመረው። መጋዙን አስነሥቶ የምላሱን ጫፍ ወደ ንጹሕ ካርቶን አዞረው። ዘይቱ እየወጣ ከሆነ ካርቶኑ ላይ መስመር ይረጫል። ጋዝ ሰጠው። ምንም የለም። ቆየና እንደገና ሰጠው። ምንም የለም። ሰዒድ ፊቱ ተለወጠ፤ እኔ የባሕር ዳርን መንገድ በሐሳቤ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ማክሰኞ ደረስኩ። በሦስተኛው ካርቶኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ወጣች፤ እርሳስ ያሰመራት ትመስላለች። ከዚያ ወፈረች።

ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ ነበረች። ምንም ሳልል ልቆርጥ አስቤ ነበር። ማን ያያል? ግን እማሆይ ስንዱ ከግንዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። በረከቱ እንዴት ሆነ አሉኝ። መዋሸት እችል ነበር። ነገር ግን የተዋሸበት እንጨት በደሳለ ድስት ሥር ሊነድ ነው ብዬ ሳስብ መጋዙን መሬት ላይ አኖርኩት።

«እማሆይ፣ በረከት አልነበረም። ተደፍኖ ነው። አሁን ውስጡ ያለው የሞተር ዘይት ነው።»

እማሆይ ተነሡ። እማዬ ከበራፉ ወጣች። እማዬ ለእንግዳ በአማርኛ ታወራለች፤ ከልቧ ስትሆን ግን በአዊኛ ነው። በአዊኛ የተናገረችው በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፦

«ደሳለ ለዚህ መንደር ተዝካር ሁሉ በመኪና ዘይት ቆረጠ። ሁላችንም በላን። የእርስዎን ወንድም ተዝካርም በላን። ልጄ ለወንድሙ ይቁረጥ።»

 እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሄዱ። ልቤ አብሯቸው ሄደ፤ ለካህናቱ ሊነግሩ ነው ብዬ። ካህናቱ እምቢ ካሉ አርባው የለም።

መጋዙን አስነሣሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ግንድ ቆርጬ ነጭ ፊቱ ላይ ምላሱን አዞርኩ፤ መስመሩ ወጣ። በየግንዱ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ እቆርጣለሁ፣ መስመሩን አያለሁ፣ መንገዱን አያለሁ። እስኪመሽ አምስት ጨረስኩ። ቅዳሜ ከማለዳ ቀጠልኩ። ባሕር ዛፎቹ ክንዴን ገደሉት፤ ሁለት ጊዜ አቋርጬ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤታችን መጥረቢያውን ይዞ አጥሩ ጋ ቆሞ እስክጠራው ይጠብቃል። አልጠራሁትም። መንገዱ ላይ ማንም አልታየም። ሊጠናቀቅ አንድ ግንድ ሲቀር የእማሆይን መቋሚያ አየሁ።

ቀስ ብለው መጡ። የመጨረሻውን ስቆርጥ ቆመው አዩ። አጠፋሁት። ጸጥታው ጆሮዬን አመመኝ። ጎንበስ ብለው አንድ ጉማጅ አነሡ፣ አሸተቱት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ ከዚያ ሴቶቹ እሳት ወደሚያነዱበት ወሰዱት። ሲመለሱ ካህናቱ ምን እንዳሏቸው ጠየቅኋቸው።

«እኔ የምነግርህ ሌላ ነው፤» አሉኝ። «የኔንም አርባ የምትቆርጠው አንተ ነህ። ሌላ ሰው እንዳይነካው።»

እሺ አልኳቸው። ከዚያ፣ ነገሩ አሁንም ስላስፈራኝ፣ ያኔ የምን ዘይት እንድጨምር ጠየቅኋቸው።

እማሆይ ለመሄድ መቋሚያቸውን አነሡ።

«የፈለግኸውን ጨምር፤» አሉኝ። «ያኔ ቆሜ አላይህም።»